ከቀለሙ ሥር ያለው መስመር

ላምበረት፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ኤጀታ
ጅቡቲ

የሰማይ አምላክ ሲወጡም ሲገቡም ይጠብቅዎ፤ የዚያ አገር ሙቀት አይጉዳዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናቴ አፀደ ጉልበቷን ከማመሙ በቀር በርትታለች፤ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት በእግሯ ትሄዳለች። «ወንድሜን ሳሚልኝ» ብላለች።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ጎረቤታችን ዱጋሳ ነው። ከወደብ ጭነት የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ መልሱንም ለእሱ ይስጡት።

አንድ የደበቅንዎ ነገር አለ። ዐሥራ አራት ዓመት በታይፒስትነት ከሠራሁበት መሥሪያ ቤት በቅነሳ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ። እናቴ «ለኤጀታ እንዳትጽፊ፣ ይጨነቃል» ስላለችኝ ዝም አልኩ። አሁን ግን ሥራ አግኝቻለሁ። ላምበረት መንገድ ዳር አቶ አዱኛ የሚባሉ ሰው ጋራዥ አላቸው። እዚያ ከመኪና የተፈታ ዕቃ አጥባለሁ። ብሎኑን፣ ኩሽኔታውን፣ የፍሬኑን ዕቃ፣ ግራሶና አሮጌ ቀለም የተጋገረበትን ሁሉ አጥርቼ ባዶ ብረቱን ለመካኒኮቹ እሰጣለሁ።

እናቴ አፍራለች። ጎረቤት ሲጠይቃት «ጋራዥ ውስጥ ጸሐፊ ናት» ትላለች፤ ጥፍሬን ያየ ሰው ግን አያምናትም። እኔ አላፈርኩም። የሚያስፈራኝ አለማወቄ ነው። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሚኒባስ ካርቡሬተር ከሌላው ዕቃ ጋር ቀለም የሚልጥ ኮስቲክ ሶዳ የተበጠበጠበት በርሜል ውስጥ ከተትኩት። ወዲያው ይፈላ ጀመር። ሳወጣው ጠቁሮ፣ ነቀዝ እንደበላው ባቄላ ተቦርቡሮ ነበር። አቶ አዱኛ አልተቆጡኝም። ካርቡሬተሩን አንስተው የምሠራበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና ሄዱ፤ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እርስዎ ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ኖረዋል። ገንዘብ አልጠይቅዎትም። እንዴት እንደሚታጠብ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ ሰርክ


ጅቡቲ
ታኅሣሥ 25 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሰርክ

ጌታ ቤታችሁን በሰላም ይሙላው፤ የአፀደንም ጉልበት ይዳብስልኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። አባትሽ ሲሞት እኔ ያስተማርኩሽ ጋራዥ እንድትገቢ አልነበረም። «ተዪው፣ እኔ የምችለውን እልክልሻለሁ» ብዬ ጽፌ ወረቀቱን አጥፌ ነበር። በማግስቱ ሥራ ላይ ሳለሁ ያ ካርቡሬተር ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። እኔም በተለማማጅነቴ እንዲሁ አንድ አበላሽቻለሁ። አለቃዬ ግን እንደ አዱኛሽ ዝም አላለኝም፤ በቁንጥጫ ነው ያስተማረኝ።

እንግዲያው ስሚኝ። ማግኔት ፈልጊ፤ ከተበላሸ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ይገኛል። ማግኔት የማይስበውን ዕቃ፣ እንደ ካርቡሬተርሽ አሉሚኒየም የሆነውን፣ ሶዳ ውስጥ አትክተቺ፤ ይበላዋል። እሱ የሚታጠበው በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ነው። ሶዳ ስትበጠብጪ ሶዳውን ውሃው ላይ ጥቂት በጥቂት ጨምሪ እንጂ ውሃውን ሶዳው ላይ አታፍስሺ፤ ይፈናጠርና ዓይንሽን ያጠፋዋል። መጀመሪያ ግራሶውን በናፍጣ አውጪ፤ የቀለሙ ተራ ቀጥሎ ነው። ግራሶውን ሳታወጪ ብትከቺው ሶዳሽን ነው የምታባክኚው። ታጥቦ የወጣ ብረት ደግሞ እርጥብ አይደር፤ ጠዋት ዝጎ ታገኚዋለሽ።

ሌላ አንድ ነገር። የመሪና የፍሬን ዕቃ ሲሆን አጥበሽ ብቻ አትስጪ። ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድሪው። በጨርቅ አድርቀሽ፣ ጠመኔ ፈጭተሽ ነስንሺበትና ጠብቂ። ብረቱ ስንጥቅ ካለው ውስጥ የገባው ጋዝ ወደ ላይ ይወጣና ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያሠምራል። ይህን አንድም ቀን እንዳትዘነጊ። ለምን እንደምልሽ አትጠይቂኝ።

የላስቲክ ጓንትና መነጽር በዱጋሳ ልኬልሻለሁ።

አጎትሽ ኤጀታ


ላምበረት
መጋቢት 9 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለምወድዎ አጎቴ

ያለፈውን ሌሊት በሰላም ያሳደረን ጌታ እርስዎንም በመልካም ጤና ያሰንብትልን። ጓንቱና መነጽሩ ደርሶኛል። ደብዳቤዎን በላስቲክ ሸፍኜ ከበርሜሉ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ መካኒኮቹም መጥተው ያነቡታል።

ሥራው እየጣመኝ መጥቷል ብል ያምኑኛል? ሲያመጡልኝ ምኑም የማይለይ ጥቁር ጓል ነው። ናፍጣው ሲነካው ጠርዙ ብቅ ይላል፤ ቀለሙ ሲላጥ ከሥሩ ሌላ ቀለም ይወጣል። አንዳንዱ ዕቃ ሦስት ጊዜ ተቀብቶ ነው የሚመጣው። ከሁሉም በታች የፋብሪካው ቁጥር ይገኛል። ያን ቁጥር ሳነብ የሰው ስም የተነገረኝ ያህል ደስ ይለኛል። የመሥሪያ ቤት ልማዴ አለቀቀኝምና የየመኪናውን ብሎን በየቆርቆሮው ለይቼ የታርጋውን ቁጥር እለጥፍበታለሁ። ድሮ መካኒኮቹ ብሎን ሲጠፋ ይጣሉ ነበር አሉ።

ሶዳ ከሾላ ገበያ የጠፋ ጊዜ ከዳቦ ቤት የባሕር ዛፍ አመድ ለምኜ፣ በውሃ ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ አፈላሁት። ግራሶውን ቀስ እያለ ቢሆንም ያወጣል፤ እጅም እንደ ሶዳ አይልጥም። ልክ ነኝ ወይ?

ከመካኒኮቹ ጎልማሳው ገብረማርያም «ይህን የጠመኔ ዘዴ ማን አስተማረሽ?» ሲለኝ አጎቴ ኤጀታ አልኩት። «የኮተቤው ኤጀታ? በዚህ ከተማ እንደሱ ጆሮውን ሞተር ላይ አሳርፎ በሽታውን የሚናገር አልነበረም» አለ። ኮርቼ ተጨማሪ ስጠብቅ ወደ ሥራው ተመለሰ። እናቴም ስጠይቃት ሳይሰናበቱን እንደሄዱ ብቻ ነው የምትነግረኝ። አትጠይቂኝ ብለውኛል፤ ግን ልጠይቅ፦ ስለ ጠመኔው ለምን ያን ያህል አጠበቁብኝ?

አክባሪዎ ሰርክ


ጅቡቲ
ሐምሌ 30 ቀን 1993 ዓ.ም.

ለሰርክ

እንደምን ከርማችኋል? ክረምቱ በጤና ያልፍላችሁ ዘንድ ጸሎቴ ነው። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የአመዱ ነገር ልክ ነው። እኔ አላስተማርኩሽም፤ ከዚህ በኋላ እኔም ካንቺ ተምሬ እሠራበታለሁ። እዚህ ላሉት ፈረንሳዮች ብነግራቸው ሳቁ፤ ሞክረው ካዩት በኋላ ግን መሳቁን ትተዋል። ብሎኑን በታርጋ መለየትሽንም ለአለቃዬ ነግሬው እኛም ቆርቆሮ ደርድረናል። ሁለት የብረት ብሩሽ ልኬልሻለሁ።

አንድ ነገር ብታጣሪልኝ። በእንጦጦ በኩል አካሉ የሚባል ሾፌር ነበር። በሕይወት መኖሩን ብቻ ነው ማወቅ የምፈልገው። አትቸኩዪ።

ኤጀታ


ላምበረት
ጥር 6 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ

የጌታችንን ልደት በሰላም ያሳለፈን አምላክ ለከርሞውም ያድርሰን። ስለ አካሉ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች ጠይቄያለሁ። በሕይወት አለ። አንድ እግሩ የተቆረጠ፣ የባሕር ዛፍ ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥ ሰው ነው። «ሰካራሙ ሾፌር» ነው የሚሉት፤ ሲጠጣ አየሁት የምትል ግን ከመካከላቸው አላገኘሁም። ዘመድዎ ነው?

አሁን የእኔን ልንገርዎ። ገና ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ወደ ደብረ ብርሃን የሚሠራ አንድ አውቶቡስ ጋራዣችን ገባ። ባለቤቱ ለበዓሉ ገበያ እንዲደርስለት ቸኩሏል። መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ክንድ ፈትተው ሰጡኝ፤ ወፍራም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነበር። ቀለሙን ላጥሁ፤ እንዳሉኝ ጋዝ ውስጥ አሳድሬ ጠዋት ጠመኔ ነሰነስኩበት። ጎንበስ ብዬ ስጠብቅ በጎኑ በኩል የፀጉር ያህል ቀጭን ጥቁር መስመር ብቅ አለ። ጠርጌ ደገምኩት። እዚያው ቦታ ላይ ወጣ።

ለአቶ አዱኛ አሳየኋቸው። አገላብጠው አዩት፤ መቧጨር ነው ብለው ለባለ አውቶቡሱ ሰጡት። እሱም መቧጨር ነው አለ። ከሾላ እስከ መርካቶ ዞሮ አዲሱን እንዳጣ፣ መኪናው ነገ ካልወጣ በዓሉ እንደሚያልፍበት ተናገረ፤ ከዚያም ወደኔ ዞሮ ቀብቼ እንድሰጠው አዘዘኝ። መካኒኮቹ ሁሉ ሥራ አቁመው ያዩናል። ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር፣ መቧጨር ይሁን ስንጥቅ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ምን እንደማደርግ ሳላውቅ እጄ የለመደውን አደረገ። ከቦርሳዬ ወረቀትና ካርቦን አወጣሁና በሁለት ኮፒ ጻፍኩ፦ «ይህ የመሪ ክንድ መስመር ያለበት መሆኑ ለባለ ንብረቱ ተገልጾ፣ በእሳቸው ትእዛዝ ተቀብቶ የተመለሰላቸው መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።» እስክሪብቶውን ዘረጋሁለት።

«እዚህ ላይ ይፈርሙልኝና አሁኑኑ እቀባለሁ» አልኩት።

«ለመሆኑ አንቺ ማን ነሽ?»

«አጣቢዋ ነኝ።»

እስክሪብቶውን ተቀበለኝ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ሳይፈርም መልሶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። መቧጨር ነው ያለ ሰው መፈረም ምን ያስፈራዋል? ይህን ያሰብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። አቶ አዱኛ ክንዱን ነጥቀው ሞርሳ በሚሉት ብረት መንከሻ ላይ አሰሩት፤ «መቧጨር መሆኑን ላሳያችሁ» አሉና መዶሻ አነሱ። አንዴ ነው የመቱት። በመስመሩ ላይ ለሁለት ተበጠሰ። የተሰበረው ፊት ግማሹ አዲስ ብረት ያበራል፤ ግማሹ ግን ከቆየ ዝገት የተነሣ ቡናማ ነበር።

ባለ አውቶቡሱ ቁርጥራጮቹን አንስቶ ለብዙ ጊዜ ቆሞ አያቸው፤ ከዚያ ይዟቸው ሄደ። አውቶቡሱ በገና አልወጣም። አቶ አዱኛ ማታ ሲዘጉ ያን የተበላሸ ካርቡሬተር ከጠረጴዛዬ ላይ አንስተው የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣሉት። እናቴም አሁን ለጎረቤት «ልጄ የመኪና ዕቃ አጣቢ ናት» ማለት ጀምራለች።

ያን መስመር እንዳየው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አውቶቡሱ ስንት ሰው እንደሚጭን ሳስብ እጅዎን መሳም ያምረኛል።

ልጅዎ ሰርክ


ጅቡቲ
ሚያዝያ 3 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርክ

እግዚአብሔር በሰጠሽ ልብ ይባርክሽ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ በሁለተኛው ቀን መልስ ጀመርኩ፤ አራት ጊዜ ጽፌ አራቱንም ቀድጄዋለሁ። ሦስት ወር ያለፈው እንደዚያ ነው።

መዶሻው ከመውረዱ በፊት ትክክል መሆንሽን አታውቂም ነበር። ብትሳሳቺ ሥራሽን ታጪ ነበር፤ እናትሽን የምታበዪበትን ሥራ። ይህን እያወቅሽ እስክሪብቶ ዘረጋሽለት። ደብዳቤሽን እዚህ ላሉት ጓደኞቼ ተርጉሜ ሳነብላቸው አለቃችን፣ ያ ኩሩ ፈረንሳዊ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ግን እዚያ መሐል አንገቴን ደፋሁ። እጄን መሳም ያምረኛል ብለሻል። የትኛውን እጅ እንደሆነ ልንገርሽ።

በ1984 ክረምት ኮተቤ በምሠራበት ጋራዥ የአንድ አውቶቡስ መሪ ክንድ አጥቤ መስመር አየሁበት። ለጋራዡ ባለቤት አሳየሁት። «ቀባው» አለኝ። አንድ ቃል አልመለስኩለትም። በገዛ እጄ ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት፤ ሁለት ጊዜ፣ አሳምሬ። በአራተኛው ቀን አውቶቡሱ ሰዎቹን አውርዶ ባዶውን ከእንጦጦ ቁልቁል ሲመለስ ገደል ገባ። ሾፌሩ አካሉ ነበር። እግሩን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። የተበጠሰውን ክንድ ባለ ጋራዡ ከሥፍራው አስነሥቶ አጠፋው፤ ሾፌሩ ሰክሮ ነበር ተባለ። አካሉ ፍርድ ቤት ሲቀርብ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ምስክር አለህ ወይ ሲሉት ሰምቻለሁ። የለኝም አለ። አልገባሁም። በሳምንቱ ጅቡቲ ነበርኩ። አፀደን ያልተሰናበትኳት ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ ነው።

ሠላሳ ዓመት ባለሙያ የተባልኩት ሰው ያላደረግሁትን አንቺ ሥራውን በጀመርሽ በዓመትሽ አደረግሽው። አንቺን ባላይ ይህን ይዤ እሞት ነበር። ወደ አካሉ ሂጂና ይህን ደብዳቤ አንብቢለት። የሚለውን ሁሉ ሳታለሳልሺ ጻፊልኝ።

ኤጀታ


ላምበረት
ሰኔ 2 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ኤጀታ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ሳነብ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን የድሮውን አወረድኩት። አንድ ሳምንት ከቦርሳዬ አላወጣሁትም። ከዚያ መልሼ ሰቀልኩት፤ ትምህርቱ እውነት ነውና። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። መንገዱ ዳገት ነው፤ ጠዋት ጀምሬ የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው። ጋሽ አካሉ ጣውላ ላይ ተቀምጠው ችግኝ ወደ ላስቲክ ሲያዛውሩ አገኘኋቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የማርያምወርቅ ወንበር ሰጡኝ። ማን እንደሆንኩ፣ ከማን እንደተላክሁ ተናግሬ ላንብብልዎ ወይ አልኳቸው። አንብቢ አሉኝ። እጃቸው አፈሩ ውስጥ እንዳለ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

ስጨርስ «ቀለሙ ምን ነበር ያልሽው?» አሉኝ።

«ሰማያዊ።»

«አዎ። ሰማያዊ ነበር» አሉ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለችግኞቹ የሚናገሩ ይመስል፣ መሪው እጃቸው ላይ ባዶ መዞሩን ለዳኛውም ለሐኪሙም ለንስሐ አባታቸውም እንደነገሩ፣ አንድ ሰው እንኳ እንዳልሰማቸው አወሩ። የማርያምወርቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እኔም አላመንኩህም ነበር» አሉ። «ዐሥር ዓመት አብሬህ ስተኛ አንድም ቀን አላመንኩህም።»

ጋሽ አካሉ የያዙትን ችግኝ ላስቲኩ ውስጥ ተከሉ። በኋላ «አውቃለሁ» አሉ።

ይቅርታ ስለ ማድረግ አልጠየቅኋቸውም፤ የእኔ ድርሻ አልመሰለኝም። ለመሄድ ስነሣ ግን መልእክት ሰጡኝ። ሳታለሳልሺ ስላሉኝ እንዳለ ይኸው፦ «ደብዳቤ ሰምቻለሁ። አሁን ራሱ ይምጣ። እኔ በአንድ እግሬ ወደሱ አልወርድም፤ እሱ በሁለት እግሩ ይውጣ።»

አጎቴ፣ አልሰውርዎትም፤ ተቆጥቼብዎታለሁ። ነገር ግን ማንም ሳያስገድድዎ፣ ማንም ሳያውቅብዎ ይህን ጽፈው በእኔ እጅ መላክዎ ቀላል ነገር አይደለም። ለእናቴ እርስዎ መጥተው ይንገሯት።

ሰርክ


ጅቡቲ
ነሐሴ 21 ቀን 1994 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርክ

እኔን በሰላም ያደረሰኝ ጌታ እናንተን በሰላም ያቆይልኝ። ዱጋሳ በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መልሶ አደረሰኝ፤ አመስግኚልኝ። ለአፀደ ፊት ለፊት ስነግራት እንዴት እንዳቀፈችኝ አይተሻል። ስለ እንጦጦው ግን ሁለታችሁም ብትጠይቁኝ በአፌ መናገር አቃተኝ። እስከ ዳገቱ ሥር ሸኝተሽኝ «ከዚህ በኋላ የእርስዎ መንገድ ነው» ብለሽ ስትመለሺ ሳይሽ፣ ይህችን ልጅ ያሳደገቻት እህቴ ናት ብዬ ኮራሁ። አንድ ሰዓት ያልኳችሁ ሰው ሦስት ቀን ቆየሁና አስጨነቅኋችሁ። እንዴት እንደሆነ ይኸው።

ዝናብ ነበር፤ ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስወለቀኝ። አካሉ በክራንቹ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክራንቹን ደረቴ ላይ አድርጎ አቆመኝ። «ለእኔማ ነግረኸኛል» አለኝ። እኔ የተዘጋጀሁት ለስድብ ነበር፤ ለዱላም ቢሆን። የያዝኩለትንም የገንዘብ ጥቅል አልተቀበለኝም። ፍርድ ቤት ሄጄ ቃሌን ልስጥ፣ መንጃ ፈቃድህ ይመለስልህ ብለው፣ መንጃ ፈቃድ ለቆረጡት እግር ምን ያደርግለታል አለኝ።

ከዚያ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይዞኝ ሄደ። ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ዝናቡ እስኪያባራ ተጠልሎ ነበር፤ አርባ ሰው ይሆናል። ካህኑን ፈቃድ ጠየቀና ከመሐላቸው አቆመኝ። «አሁን ለእነሱ ንገራቸው» አለኝ።

ነገርኳቸው። መስመሩን፣ ቀለሙን፣ የፍርድ ቤቱን በር። ድምፄ ሲጠፋ አካሉ «አልተሰማም» ይላል፤ እንደገና እጀምራለሁ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ወደ አካሉ ሄዱና ስሙን ጠሩት፤ አቶ አካሉ ብለው። ከጀርባዬ የማርያምወርቅ ስታለቅስ ይሰማኛል። ሰርክ፣ አንቺ ያን እስክሪብቶ ስትዘረጊ የተሰማሽን ፍርሃት በሃምሳ አምስት ዓመቴ እዚያ ቆሜ አወቅሁት።

ሲያልቅ ሰዉ ተበተነ። እኔም ያለቀ መስሎኝ ልሰናበተው ቀረብኩ። አካሉ አግዳሚው ላይ ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ወዴት ነው? ተቀመጥ» አለኝ። «ነገ ደግሞ የታችኛው መንደር አለ።»

አጎትሽ ኤጀታ